ኪቦርዱን ማን ነካው?

ቆቦ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኤፍሬም፣ ሎግያ

መጀመሪያ የጎረቤታችንን የሳሊሀን ልንገርህ፤ ሰላምታው ይደርሳል። ተሽሏታል። ያ ስታለቅስበት የነበረው የእግሯ ቁስል ደርቋል፣ ስኳሯም ወርዷል። ትናንት ሽንኩርት ተራ ቆማ ከነጋዴ ጋር ስትሟገት አየኋት፤ ሳሊሀ ከተሟገተች ድናለች ማለት ነው። ትልቋ ልጇ መንታ ወልዳለች። አያትየዋ እስካሁን አንዱን ካንዱ አትለይም፣ አንደኛውን ሁለት ጊዜ አጥባ ሌላውን እንዳለ ታስተኛዋለች። ሮቢት የምታስተምረዋ ሌላዋ ልጇ ኢስራ ደግሞ ልትዳር ነው፣ ሙሽራው የጎብዬ ልጅ ነው። ሰርጉ ጥር 17 ነው። ሳሊሀ በሽማግሌ ፊት «ሙዚቃው የወለላ ነው» ብላ ቃል አስገብታኛለች።

እኔ ደህና ነኝ። አንተስ? ያ የምትጫወትበት ሆቴል የሰጠህ ክፍል አሁንስ ማራገቢያ ገባለት?

ለምን ስልክ አትደውይም ላልከኝ፣ ኔትወርኩን አንተም ታውቀዋለህ። ቢኖርም ድምፄ ወፍራም ነው፤ በምትክህ የገባው ኪቦርድ ተጫዋች፣ ይድነቃቸው፣ የተከራየው ክፍል ከኔ የሚለየው በቺፑድ ብቻ ነው፣ ሳስነጥስ «ይማርሽ» ይለኛል። ደግሞ አንተ ስልክ ላይ ታስቀኝና የምጠይቅህን ታስረሳኛለህ። ወረቀት አያስቅም።

አዲሱ ኪቦርድ ተጫዋች እንዴት ነው ብለሃል። እንዲህ ነው። ሮቢት ሰርግ ላይ ሄድን። ኪቦርዱን በጣት ሲነኩት ይናገራል። አንተ ውስጡ ያስቀመጥካቸውን ምቶች ግን ጀምር ሲሉት ዝም! መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ቁጥሩ ይታያል፣ ዝም። ሌላ ምት ይጠራል፣ አሁንም ዝም። ይድነቃቸው ከምሳ ጀምሮ በባዶ እጁ ሲደበድበው ዋለ። የኔማ አይነሣ። ኢኮው ድምፄን ይዞ ይሄድና ሌላ ስንኝ ከጀመርኩ በኋላ ይመልሰዋል። ከኋላዬ ሌላ ሴት ቆማ የምታሾፍብኝ መሰለኝ። ሁለት ጊዜ ዞር ብያለሁ፣ ሰዉ ስቋል።

ይህን ሰው ጠርጥሬዋለሁ። ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ሲጎረጉረው እገባበታለሁ፤ ስገባ ያወልቀዋል። አንድ ቀን የኪቦርዱን መስኮት ጽሑፍ በስልኩ ፎቶ ሲያነሣ ያዝኩት። «ለማን ነው?» ስለው «ለማስታወሻ ነው እትዬ» አለኝ። ማስታወሻ! ደግሞ ያቺን ትንሽ ሳጥን፣ ጋሽ አሊ ከበሮ ሲመቱ ጉልበታቸው ላይ አድርገው መታ መታ የሚያደርጓትን፣ በሽቦ ከኪቦርዱ ጋር የምትያያዘዋን፣ «የታለች?» እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ምን ታደርግለታለች? የት እንዳለች እኔም አላውቅ፤ «የለችም» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ለምን ይለወጣል?

አሁን ንገረኝ። እነዚያን አርባ አንድ ምቶች፣ ከጋሽ አሊ እጅ ስድስት ዓመት የለቀምካቸውን፣ ሆዱን ከፍቶ ማጥፋት ይቻላል ወይ? ወስዶ ለሌላ ባንድ መስጠትስ? ሌባ ከሆነ ከኢስራ ሰርግ በፊት ማወቅ አለብኝ። ካልሆነም ማወቅ አለብኝ፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ በከንቱ አላስወጣቸውም።

መልሱን በሾፌሩ በአላምረው ላከው፤ ሽንኩርት አራግፎ ሲመለስ ሆቴልህ በር ላይ ነው የሚያቆመው።

እህትህ ወለላ


ሎግያ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእታለሜ ለወለላ

ይቅርታ ዘገየሁ። መንገዱ ሦስት ቀን ተዘግቶ አላምረው ሚሌ አድሮ ነው የመጣው። በአላምረው ላስጠየቅሽኝ ሁሉ፦ አዎ እበላለሁ፤ አዎ ጉንፋኑ ለቆኛል፤ አይ፣ ማራገቢያ አልገባለትም።

የኢኮውን ነገር ላስረዳሽ፤ እሱ ቀላል ነው። ኢኮ የራሱ ሰዓት የለውም፣ ከምቱ ነው የሚዋሰው። ምቱ ሲፈጥን ቶሎ ይመልሳል፣ ሲያዘግም ቀስ ይላል። ምቱ ካልተነሣ ደግሞ የሚዋሰው ስለሌለው ቀድሞ በነበረው ቁጥር ይቀራል፣ አንቺ በሌላ ፍጥነት ስትዘፍኚ ይስታል። ስለዚህ «ኢፌክት» የሚለውን ገጽ ክፈቺ፤ «ሲንክ» የሚል፣ ኢኮውን ከምቱ ጋር የሚያስረው፣ አለ፤ አጥፊው። ከዚያ የጊዜውን ቁልፍ ወደ ግራ እያዞርሽ በጆሮሽ አሳጥሪው።

ሪቨርቡን በተመለከተ፣ ክራሩ ዋሻ ውስጥ ያለ ይመስላል ብለሽ በአላምረው ቃል ልከሽብኛል። ሪቨርብ፣ ያ እንደ አዳራሽ የሚያስተጋባው፣ ለሁሉም ድምፅ አንድ ነው፤ እንደ አንድ በርሜል ውኃ አስቢው። መሲንቆውም ክራሩም ከዚያው ይቀዳል። በርሜሉን ብትዘጊው ሁሉም ይደርቃል። የምትዘጊው የክራሩን ቧንቧ ብቻ ነው፤ ክራር ተራ ላይ «ሴንድ» የሚለውን ቀንሺ። ስትጨርሺ «ሴቭ» ካላልሽው ሲጠፋ ይረሳዋል።

«ክሎክ» የሚለውን ገጽ ግን አትንኪው። ስስ ነው።

ስለ ይድነቃቸው፣ እኔ በሰው ላይ ክፉ አልናገርም። ብቻ ሰው የራሱን ነገር ፎቶ አያነሣም። አንቺ ታውቂያለሽ።

ለሳሊሀ እንኳን አተረፈሽ፣ ለኢስራ እንኳን ደስ ያለሽ በይልኝ። ለሰርጉ ትመጣለህ ወይ ብለሽ ላስጠየቅሽኝ፣ ሆቴሉን ጠይቄ አሳውቅሻለሁ።

ወንድምሽ ኤፍሬም


ቆቦ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኤፍሬምዬ፣

ደብዳቤህን ኪቦርዱ ላይ አስደግፌ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ እንደ ዳዊት እያነበብኩ ሠራሁት። ኢኮው አደብ ገዛ። ክራሩም ከዋሻው ወጣ። መጀመሪያ ግን በርሜሉን ዘግቼው ሁሉም እንደ ደረቅ እንጨት ሆኖብኝ ነበር፤ ሰደብኩህ፤ ከዚያ መልሼ ሳነብ ጥፋቱ የኔ ሆነ፤ ስድቤን አንስቻለሁ።

ምቱ ግን አሁንም አይነሣም።

ሌላም ነገር አለ፣ ልደብቅህ አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም። ጥርጣሬዬን ለሳሊሀ ብቻ ነገርኳት። «ለማንም እንዳትነግሪ» አልኳት፤ «አብሽሪ» አለችኝ። በማግስቱ ሽንኩርት ተራ ሳልፍ አንዷ «ያ ሌባ አሁንም ቤትሽ ነው?» አለችኝ።  የይድነቃቸው ሚስት ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ሴቶቹ ዝም አሉ አሉ፣ ስትመጣ። ባልዲዋን ባዶውን ይዛ ተመለሰች። እሱ ራሱ ሄዶ ጋሽ ገብረ ማርያምን «ሽማግሌ ይቀመጥልኝ» አላቸው። ሌባ ሽማግሌ ይጠራል? ወይስ ብልጥ ሌባ ነው? ሁለት ቀን እሱን ሳገላብጥ ከረምኩ።

ሽማግሌዎቹ ባለፈው እሑድ አውጫጭኝ ይቀመጥ አይቀመጥ ለመወሰን ብቻ ተሰብስበው ነበር። ብትኖር በሳቅ ትሞት ነበር፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

«ማሽን ላይ አውጫጭኝ ተቀምጦ ያውቃል?» አሉ ጋሽ ገብረ ማርያም።

«ከብት ሲጠፋ ትቀመጡ የለ?» አሉ ጋሽ አሊ። «ይሄም ጠፍቷል።»

«ምኑ ነው የጠፋው? ይኸው ሻሽ ለብሶ ተቀምጧል!»

«ድምፁ ነዋ! በሬው ጋጣ ውስጥ ቆሞ አላርስ ቢልህ፣ አለኝ ትላለህ?»

ጋሽ ገብረ ማርያም ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና ይድነቃቸውን «ትምላለህ ወይ?» አሉት።

«እምላለሁ አባቴ። ግን የነኩት ሁሉ ይማሉ።»

«ማን ማን ነካው?»

«እኔ። እትዬ ወለላ። ጋሽ አሊ።» ወደ እኔ ዞረና፣ «ኤፍሬም» አለ።

እኔ ተነሣሁ፤ «ወንድሜ ከሄደ አራት ወሩ! ሎግያ ያለ ሰው ምኑን ይነካዋል?» ብዬ ጮህኩ። ሳሊሀ በቀሚሴ ጎትታ አስቀመጠችኝ። እንግዲህ እሑድ ጥር 3 አውጫጭኙ ይቀመጣል። አራታችሁም ታወጣላችሁ ተባለ፤ የሚያውቅ የሚያውቀውን ይናገራል፣ የደበቀ በልጁ ይድረስበት። እኔ አንተ በስልክ ብትናገር ብዬ ነበር። ጋሽ ገብረ ማርያም «እግዜርም አላህም ስልክ አያነሡም፤ ይጻፍ፣ ይፈርም» አሉ። የይድነቃቸው ስም ከወጣ ቆቦም ጎብዬም ሰርግ የሚጠራው የለም። ሚስቱ ወሯ ገብቷል።

አሁን ወደ ራስህ ልምጣ። ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ኢኮ አንድ ገጽ ጻፍክ። ስለ ሪቨርብ በርሜልና ቧንቧ አመጣህ። ስለ ሳጥኗ ግን አንድ ቃል የለም። እኔ ጠይቄህ ነበር እኮ፣ «ለምን ይፈልጋታል» ብዬ። ደግሞ ሁሉን ንኪ ብለህ ክሎክን አትንኪ አልከኝ። ስስ ከሆነ ሌላው ለምን አልሳሳም?

ጋሽ አሊ ደግሞ ትናንት መጥተው እንዲህ አሉኝ፦ «ያ ኪቦርድ እኮ እኔን ነበር የሚጠብቀው። ሳጥኗን ሳልመታ አይነሣም። ሳፈጥን ይፈጥናል፣ ሳዘገይ ያዘግማል። ኤፍሬም ነው እንደዚያ ያበጀው፤ ጭፈራው ሲሞቅ እጅ ይፈጥናል፣ ማሽን ግን በራሱ አይሞቅም ብሎ።»



ወንድሜ፣ ሳጥኗ አንተ ጋ ናት?

ወለላ


ሎግያ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

[የመጀመሪያው ሉክ]

ለተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣

እኔ ኤፍሬም ስለ ኪቦርዱ የማውቀውን እንድጽፍ በተጠየቅሁት መሠረት፣ መሣሪያው ያረጀ በመሆኑ ከራሱ የመጣ እክል ነው ብዬ አምናለሁ። ማንም ሰው ሆን ብሎ አልነካውም። የእጅ ፊርማዬ ከዚህ በታች ነው።

ኤፍሬም

[ሁለተኛው ሉክ]

እታለሜ፣

አዎ። እኔ ጋ ናት። አልጋዬ ሥር፣ በፎጣ ተጠቅልላ። እዚህ ካለው የሆቴሉ ኪቦርድ ጋር አትስማማም፤ አንድም ቀን አልተጠቀምኩባትም።

ሁለት ማሽን አብሮ ሲሄድ አንዱ ሰዓት ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። የኛዋ ሳጥን ትሰጥ ነበር፣ ኪቦርዱ ይቀበል ነበር። ጋሽ አሊ እንደነገሩሽ ነው፣ ለክፋት አይደለም ያበጀሁት፤ የራያ ጭፈራ በአንድ ፍጥነት አይጨፈርም። ግን ሰጪዋ ከሌለች ተቀባዩ እስከ ምጽአት ይጠብቃል። ምቶቹ አልጠፉም፣ ማንም አልሰረቃቸውም። እየጠበቁ ነው።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ የክሎክን፣ የሰዓቱን፣ ገጽ ክፈቺ፣ «ኤክስተርናል»፣ ከውጭ ተቀበል የሚለውን፣ «ኢንተርናል»፣ ከውስጥህ አንሣ፣ አድርጊው፣ ሴቭ በይው። ከዚያ ሲንኩንም መልሰሽ አብሪው፣ ኢኮው የሚዋሰው ያገኛል።

ይህችን አንድ መስመር ለአራት ወር አልጻፍኩልሽም። ስሄድ ሳጥኗን ከልብሴ ጋር የከተትኳት እውነት በስሕተት ነው፤ የመጀመሪያው ወር ረስቻት ነበር። ከዚያ አንቺ «አንተ ብትኖር ኖሮ» ብለሽ በአላምረው ላክሽብኝ፤ ደስ አለኝ። ያለኔ እንደማይነሣ ሳውቅ ደስ አለኝ። እዚህ ለሾፌር ነው የምጫወተው እታለሜ፤ እየበሉ ነው፣ ማንም ቀና አይልም። ስለ ይድነቃቸው ፎቶ የጻፍኩት ነገር... ፎቶውን ያነሣው የመስኮቱን ቃል ሰው ሊጠይቅበት እንደሆነ ወዲያው ገብቶኝ ነበር። ሳጥኗን የጠየቀሽም ስለገባው ነው። ከኔ ይልቅ እሱ ቅን ነው።

አሁን የምለምንሽ፦ ለሽማግሌዎቹ የመጀመሪያውን ሉክ ብቻ አንብቢ። ይድነቃቸውም ነፃ ይወጣል፣ እኔም ስሜ ይቀርልኛል። ይህን ቅደጂው።

ወንድምሽ


ቆቦ፣ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኤፍሬም፣

ደብዳቤህ ለገና ደረሰኝ። ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር የክሎክን ገጽ ከፈትኩ። አንዷን ቃል ወደ ሌላዋ አዞርኩ። ጀምር አልኩት፤ ጀመረ። የጋሽ አሊ እጅ ክፍሉን ሞላው። በቺፑዱ ማዶ የይድነቃቸው ሚስት «በስመ አብ!» ስትል ሰማኋት። አርባ አንዱንም ጠራኋቸው፣ አርባ አንዱም አሉ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለደስታ ይሁን ለምን አልለየሁትም።

አልቀደድኩትም። ላታልልህ አልፈልግም፣ ልቀድደው ይዤው ነበር። ሦስት ቀን ጡቴ ሥር ነበረ። የመጀመሪያውን ብቻ ባነብ ይድነቃቸው ነፃ ይወጣል ብለሃል። አይወጣም። «ማሽኑ አርጅቶ ነው» ሲባል ሽንኩርት ተራ የምትቆመዋ ሴት ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ «ሽማግሌ አዝኖለት ነው» ነው የምትለው። እኔም ብሆን እንደዚያ እል ነበር።

ሁለቱንም ሉክ ለጋሽ ገብረ ማርያም ሰጠሁ። ማንበቡን እሳቸው አነበቡት። ምን ተባለ ብለህ በቃል ለላክኸው ጥያቄ፣ አውጫጭኝ ላይ የተባለውን አልደግምልህም፤ ከዚያ ወዲህ ቤቴ የመጣውን ሰው ብቻ ልንገርህ።

ሰኞ ሳሊሀ መጣች። መንታዎቹን በሁለት ክንዷ ታቅፋ ነበር፣ አንዱን ለኔ ወረወረችልኝ። «ወላሂ ወለላ፣ ምላሴን ቆርጬ ልስጥሽ» አለች። «ባንቺ ምላስ ሁለታችንም ነን የምንናገረው» አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። የኢስራን ሰርግ አላነሣችም። 

ጋሽ ገብረ ማርያም ማክሰኞ መጡ፤ ዱላቸውን በር ላይ አቁመው አልገባም አሉ። «ለወንድምሽ ጻፊለት» አሉኝ፤ «ከሰርጉ ሁለት ቀን አስቀድሞ ይምጣ። ሳጥኗን በእጁ ለአሊ ይስጥ፣ ያን ልጅ በስሙ ጠርቶ፣ ሰው ባለበት ይቅር በለኝ ይበል። ካልመጣ ቆቦ ላይ ወንድም የለሽም።» እሺ አልኩ። «አንቺም አላለቀልሽም» አሉ። «ወሬ በወጣበት በር ነው የሚመለሰው። ሽንኩርት ተራ ሂጂና በተናገርሽበት አፍሽ መልሺው።» ዛሬ ጠዋት ሄጄ መለስኩት። ቆሜ፣ ጮክ ብዬ። ድምፄ ወፍራም መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። አንዷ ብቻ «እና ሌባው ወንድምሽ ነው?» አለችኝ። «ሌባ አይደለም፣ ቀናተኛ ነው» አልኳት። ይህን ስላልኩልህ አታመስግነኝ።

ጋሽ አሊም መጡ። ኪቦርዱን አስጀመርኩላቸው፣ አገጫቸውን ይዘው ሰሙት። «የኔ እጅ ነው» አሉ፣ «ግን ሰው እያየ አይደለም የሚመታው።» ቀጥለውም፣ «ኤፍሬምን አትጥሉት። እኔም በጎረምስነቴ የሰው ከበሮ ቆዳ በውኃ አርሼ ድምፁን ገድዬ አውቃለሁ» አሉ። 

አላምረው ደብዳቤህን እንዳነበበው ጠርጥሬዋለሁ፣ ዓይኔን አላይ ብሏል። «አላነበብኩም» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

በመጨረሻ ይድነቃቸው መጣ፣ አሁን በቅርብ፣ ይህን እየጻፍኩ ሳለ። ሚስቱ በሰላም እንደተገላገለች ነገረኝ፤ ሴት ናት። እልል አልኩ። እሱ ቆሞ ጠበቀኝ። እልልታዬ ሲያልቅ «እትዬ ወለላ» አለኝ፣ «የኢስራን ሰርግ እጫወታለሁ፣ ቃሌ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ያን ማሽን ብቻዬን አልከፍትም። ስከፍት አጠገቤ ቁሚ። ስዘጋም ቁሚ። ምን እንደነካሁ በዓይንሽ እይ።»

«ኧረ የኔ ልጅ» አልኩት፣ «ከእንግዲህ ምን መቆም ያስፈልጋል? እኔ እኮ አምኜሃለሁ።»

«አንቺ እኔን አመንሽኝ» አለ። «እኔ አንቺን ገና ነኝ።»

ወለላ